ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ የሚንኳኳ ሞተር፦ ቢዬላ ነው ወይስ ሌላ?

የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። መኪናዬ በተለምዶ ዲኤክስ የምንላት፣ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅል) እና ዲስትሪቢውተር (የማቀጣጠያውን ብልጭታ ለየሲሊንደሩ በተራው የሚያከፋፍል) ያላት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ባለፈው ሳምንት ቤተሰቤን ይዤ ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ደጀን መውጣት እንደጀመርኩ ሞተሩ ይንኳኳ ጀመር። በማግሥቱ ያሳየሁት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሁለት ጊዜ ጋዝ ሰጥቶ ካዳመጠ በኋላ፣ ቢዬላ (በሞተሩ ውስጥ ያለው ማገናኛ ዘንግ) ነውና ሞተሩ መውረድ አለበት አለኝ። የጠየቀኝ ሂሳብ ከሦስት ወር ደመወዜ ይበልጣል። በተጨማሪም ጠዋት ስትነሣ ተክ ተክ የሚል ሌላ ድምፅ አላት። ሞተሩን ላስወርድ ወይስ የሚቀድም ምርመራ አለ?

ይህን ጥያቄ ካቀረብኩ በኋላ በዐሥራ ሁለት ቀን ውስጥ፣ የራሴን ጨምሮ፣ 23 መልሶች ተሰበሰቡ። ክሩ (የጥያቄና መልሱ ሰንሰለት) ረዝሞ ለሚያነበው ስለሚያስቸግር፣ የእያንዳንዱን መልስ ፍሬ ነገር በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነበር። ጸሐፊው ከሰላምታ በኋላ ጥያቄዬ ጎደሎ መሆኑን በትሕትና ነገረኝ፤ ድምፁ ምን እንደሚመስልና መቼ እንደሚሰማ ሳልገልጽ የጋራዡን ፍርድ ብቻ ይዤ መምጣቴን ጠቆመኝ። ከዚያም ድምፁ የሚሰማው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ፣ መኪናዋ ቆማ ጋዝ ሲሰጣት ነው ወይስ ጭነት ሲከብዳት ብቻ፣ በስንተኛ ማርሽ፣ እግሬን ከነዳጅ መርገጫው ሳነሣ ይጠፋል ወይስ ይቀጥላል ብሎ ጠየቀ። የዘይቱን መጠንና የዘይት መብራቱን ሁኔታም ማወቅ ፈለገ። የሞተር ድምፅ በጽሑፍ ስለማይሰማ፣ ሰዓቱና ሁኔታው ከድምፁ ዓይነት ይልቅ ብዙ ይናገራል ባይ ነበር። 2ኛው መልስ ሽጣትና ተገላገል ከማለት ያለፈ ነገር ስላልነበረው አልፈዋለሁ።

3ኛው መልስ ጋራዡን ደግፎ የቆመ ነበር። ጸሐፊው በባሕር ዳር ለረጅም ጊዜ የሠራ መካኒክ መሆኑን ገልጾ፣ ቢዬላ ማለት ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኖቹን ግፊት ወደ ዙር ከሚለውጠው ዋና ዘንግ) ጋር የሚያያይዘው ዘንግ እንደሆነ፣ በታችኛው ጫፉ ያለው ስስ ብሮንዚን (ክራንክ ሻፍቱን የሚያቅፍ የብረት ልባስ) እና ክራንክ ሻፍቱ የሚለያዩት በዘይት ንጣፍ ብቻ እንደሆነ፣ ዘይት ሲያንስ ወይም ግፊቱ ሲወርድ ብሮንዚኑ ተበልቶ ክፍተት እንደሚፈጠርና ዘንጉ በእያንዳንዱ ዙር ክራንክ ሻፍቱን መደብደብ እንደሚጀምር አስረዳ። ችላ ከተባለ ዘንጉ ተበጥሶ የሞተሩን ግድግዳ ቀድዶ ሊወጣ እንደሚችል፣ እንዲህ የሆነ ሞተርም በቡሬና በእንጅባራ መካከል ተጎትቶ ሲመጣ በዓይኑ እንዳየ ጻፈ። መኪናዋን እንዳላንቀሳቅሳት አጥብቆ አሳሰበኝ። ማስጠንቀቂያው በራሱ ትክክል ነበር፤ እኔም በዚያ ሳምንት ወደ ሥራ የሄድኩት በባጃጅ ነው።

በ4ኛው መልስ ከፍኖተ ሰላም የጻፈች እኅት የራሷን ቪትዝ ታሪክ አመጣች። መኪናዋ በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ስትደርስ ብቻ የሚንጫጫ የብረት ድምፅ ስላወጣች ሁለት ጋራዥ ዞራ፣ አንደኛው ካምቢዮውን (የማርሽ ሣጥኑን) ካስወረደባት በኋላ፣ ነገሩ ከማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) በላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ አንድ ዳዶ ወልቆበት ኖሯል። ሞተሩ በበረደበት ሰዓት ከሥር ገብቶ ቆርቆሮዎቹን በጡጫ መታ መታ ማድረግ ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ መሆኑን መከረችኝ። አደረግኩት፤ የእኔዎቹ ጠብቀዋል።

5ኛው መልስ የእኔ ነው፤ ለ1ኛው ጠያቂ ነበር። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው፤ የዘይት መብራቱ ሞተሩ እንደተነሣ ይጠፋል። መኪናዋ ቆማ ምንም ያህል ጋዝ ቢሰጣት ድምፁ የለም። የተሰማው አቀበቱን በአራተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን ተጭኜ ስወጣ ብቻ ሲሆን፣ ደረቅ ሽምብራ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሲናጥ የሚወጣውን ድምፅ ይመስላል። እግሬን ቀለል ሳደርግ ወዲያው ይቆማል። ደጀንን አልፌ ወደ ሉማሜ ሜዳው ላይ ከገባሁ በኋላ እስከ ማርቆስ ድረስ አንዴም አልሰማሁትም። ይህን ስጽፍ፣ ሳምንቱን ሙሉ የፈራሁትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት እንዳሰብኩበት ታወቀኝ።

በ6ኛው መልስ አንድ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂ፣ ብሮንዚኑ የተበላ ቢዬላ አቀበት ላይ ብቻ ተንኳኩቶ ሜዳ ላይ ጨዋ ሆኖ እንደማይቀመጥ ጻፈ። እንዲህ ያለው ሞተር ቆሞም ቢሆን ጋዝ ተሰጥቶት ሲለቀቅ ዱቅ ዱቅ የሚል ከባድና ደፋን ያለ ድምፅ ያሰማል፤ የሽምብራ ድምፅ አይደለም። ለማረጋገጥም ሞተሩን አስነሥቶ የካንዴላዎቹን (በየሲሊንደሩ ብልጭታ የሚሰጡትን) ገመድ በየተራ መንቀል በቂ እንደሆነ ገለጸ። አንዱ ሲነቀል መንኳኳቱ ከቀነሰ፣ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ቃጠሎ ስለሌለና ዘንጉ ላይ የሚያርፈው ኃይል ስለጠፋ፣ ጥፋተኛው የዚያ ሲሊንደር ቢዬላ ነው። በምንም ካልቀነሰ ሌላ ይፈለጋል።

ከዚህ በኋላ ቃናው ተለወጠ። በ7ኛው መልስ የባሕር ዳሩ መካኒክ፣ ታክሲ ነጂው በዕድሜው አንድ ሞተር ፈትቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀና፣ ሞተር በመንዳት ብቻ የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ ተሳፋሪውም መካኒክ ይሆን እንደነበር ጨመረ። በ8ኛው ታክሲ ነጂው በተራው፣ መካኒክ ሞተሩን የሚሰማው ለሩብ ሰዓት፣ ነጂው ግን ቀኑን ሙሉ መሆኑን አስታውሶ፣ ሞተር አውርዶ ምክንያት ከሚፈልግ ሰው ይልቅ ምክንያት አግኝቶ የሚያወርደውን እንደሚያምን መለሰ። ሁለቱም ትንሽ አበዙት፤ ሆኖም ታክሲ ነጂው የሰጠኝ ምርመራ ነበር፣ መካኒኩ የሰጠኝ ፍርሃት።

9ኛው መልስ የምርመራው ውጤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንጨት ሠሪ ጎረቤቴ ረጅም ካቻቢቴውንና ወፍራም የጎማ ጓንቱን ይዞ መጣ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፎ እጀታውን ከጆሮ ኋላ ካለው አጥንት ጋር ማገናኘት የታወቀ የመካኒክ ዘዴ ነው፤ ለእኔ ግን አዲስ ነበር። ዲናሞው ላይ ሳስቀምጠው ወጥ የሆነ ሽውታ፣ የውኃ ፖምፓው ላይ ከዚያ የቀጠነ ሽውታ ሰማሁ፤ ኩሽኔታቸው ቢበላ ኖሮ ውስጡ የመፋጨትና የመንኮሻኮሽ ድምፅ ይኖር ነበር። ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ የቫልቮቹ ምት እንደ ልብስ ስፌት መኪና እኩል እኩል ይወርዳል። ከታች በኩል፣ ክራንክ ሻፍቱ ባለበት፣ ደፋን ካለ ጉርምርምታ በቀር ምንም የለም። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት፣ አንደኛው ሲሊንደር አጠገብ ግን ፍት ፍት የሚል የትንፋሽ ድምፅ አለ፤ ተክ ተክ የሚለው የጠዋቱ ድምፅ ከዚያ እንደሚወጣ ጎረቤቴ ጠረጠረ። ከዚያ ጓንቱን አድርጎ አራቱን የካንዴላ ገመዶች አንድ በአንድ ነቀለ። ሞተሩ በእያንዳንዱ እኩል አነከሰ፤ ሲነቀል የቀነሰ፣ ሲመለስ የጨመረ መንኳኳት ግን አልነበረም።

10ኛው መልስ፣ በእኔ ግምት፣ የዚህ ክር እምብርት ነው። የጻፉት ከደጀን አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ሲሆኑ፣ አንቱ እያሉ ያከበሩኝ ከሁሉ የሚበልጡኝ እርሳቸው ነበሩ። በዓባይ በረሃ ብዙ ዓመት መመላለሳቸውን ጠቅሰው፣ ስለ ድምፁ ምንም ሳይሉ፣ ከጉዞው በፊት መኪናዋ ላይ ምን እንደተሠራባት ብቻ ጠየቁኝ። ማርቆስ ላይ ጉልበት እንዲኖራት ተብላ የተስተካከለች የቤንዚን መኪና በረሃው ውስጥ እንደምትዘፍን በልምድ እንደሚያውቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አከሉ። በ11ኛው መልስ ረስቼው የነበረውን ተናዘዝኩ። ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት መኪናዋ አቅም አጣች ብዬ ለዚያው ጋራዥ ሰጥቼ፣ ቫልቭ ሬጂስትሮ (የቫልቮቹን ክፍተት ማስተካከል) ከሠራላት በኋላ ዲስትሪቢውተሩን አላልቶ በእጁ ዞር አድርጎ፣ አዳምጦ አጥብቆት ነበር። ከዚያ በኋላ ከተማ ውስጥ እንደ ወጠጤ ስለሆነች አመስግኜ ከፍዬ ወጥቻለሁ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን በ12ኛው መልስ ያብራራው አንድ የፊዚክስ መምህር ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የዓባይ ድልድይ ደግሞ 1,050 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለ ግፊቱ ወደ 88 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ሞተሩ ድልድዩ ላይ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ከማርቆስ የበዛ ነው፤ ተጨምቆ የሚደርስበት ግፊትም ከፍ ይላል። ደጋው ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ቃጠሎው ይዘገያል፤ መካኒኮች ዲስትሪቢውተሩን አዙረው ብልጭታው ቀደም እንዲል የሚያደርጉትም ይህን ለማካካስ ነው፣ መኪናዋም በእርግጥ ጉልበት ታገኛለች። ያው የቀደመ ብልጭታ በረሃው ውስጥ፣ አየሩ ሞቃት፣ ሞተሩ የጋለ፣ ነዳጅ መርገጫው ወለሉ ድረስ የተረገጠ ሆኖ ሲመጣ ግን፣ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ግፊቱ ከመጠን በላይ ይንራል፤ እሳቱ ያልደረሰበት የድብልቁ ቅሪትም ተራውን ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። የሽምብራው ድምፅ ይህ ፍንዳታ የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲመታ የሚሰማ ነው። እግር ሲነሣ የሚቆመው የሚገባው ድብልቅ ስለሚቀንስ ነው። መምህሩ አያይዞ፣ ቢዬላ አይደለም ማለት ጉዳት የለውም ማለት እንዳልሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ ፒስተን እንደሚበሳ፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) እንደሚሰበርና የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል ያለው ማሸጊያ) እንደሚቃጠል አስጠነቀቀ።

13ኛው መልስ ይህን ሁሉ መራቀቅ ብሎ አጣጣለው። ጸሐፊው ምክንያቱ በመንገድ ዳር በጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን መሆኑን፣ ላምባ እንደሚቀላቀልበት፣ ላምባ ያለበት ቤንዚን ደግሞ ያለ ጊዜው መፈንዳት እንደሚወድ፣ ይህን ለማወቅ ፊዚክስ መማር እንደማያስፈልግ ጻፈ፤ የመምህራንን ደመወዝ አንሥቶም አላግባብ ቀለደ። መምህሩ በ14ኛው መልስ ቀልዱን አልፎ ነጥቡን ተቀበለ። የቀደመ ብልጭታና የተበላሸ ነዳጅ የሚጣሉ ምክንያቶች ሳይሆኑ የሚደማመሩ መሆናቸውን ገልጾ፣ ቤንዚኑን የት እንደቀዳሁ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ማደያዎች ላይ ሰልፉ ስለበዛብኝ በዚያ ጉዞ ዐሥር ሊትር ያህል ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዝቻለሁ። ይህን በ15ኛው መልስ ሳምን፣ 13ኛው ጸሐፊ የድል ምልክት ብቻ ለጥፎ 16ኛውን ቁጥር ወሰደ።

በ17ኛው መልስ ጨዋታው ወጣ አለ። አንድ አንባቢ፣ ቢዬላ፣ ሬጂስትሮ፣ ጓርኒሲዮን የሚባሉት ቃላት እንደሚያሳፍሩት፣ በበላይ ዘለቀ አገር አምስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ጣሊያን ቃሉን ትቶ መሄዱ እንደሚገርመው ጻፈ። በ18ኛው የፍኖተ ሰላሟ እኅት፣ ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ፣ ማርሚታ ትልቅ ድስት፣ ኮፈን የምንለውም ከሣጥን ስም የመጣ መሆኑን ጠቅሳ፣ ድስትና ሻማ ከተማረኩ ወዲያ የሚያሳፍር ነገር እንደማይታያት መለሰች። እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ፤ ጋራዥ ገብቶ ማገናኛ ዘንግ ብሎ የጠየቀ ሰው የሚሰጠው ምን እንደሆነ እንጃ።

19ኛው መልስ ወደ ጉዳዩ ቢመልሰንም ሞተሩ ሌላ ነበር። ከቢቸና ጤፍ የሚጭን የአይሱዙ ባለቤት፣ የእርሱ ናፍታ ሞተር ሁልጊዜ እንደሚንኳኳ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ድምፁ እንደጨመረ ገልጾ፣ እርሱም ዲስትሪቢውተር ያዙር እንደሆነ ጠየቀ። የባሕር ዳሩ መካኒክ በ20ኛው መልስ እዚህ ላይ ዕውቀቱን አሳየ። ናፍታ ሞተር ካንዴላም ዲስትሪቢውተርም የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው በተጨመቀው አየር ሙቀት ስለሆነ መጠነኛ መንኳኳት ተፈጥሮው ነው። ድምፁ ከቀድሞው ከጨመረና ጥቁር ጭስ ካጀበው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነዳጁን በስሱ መርጨት ትቶ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ነው። ምርመራው የካንዴላው ወንድም ነው፦ ሞተሩ እየሠራ የእያንዳንዱን ኖዝል ቱቦ ዳዶ በየተራ ትንሽ ማላላትና መንኳኳቱ በየትኛው እንደሚቀንስ ማዳመጥ። የሚረጨው ናፍታ ቆዳ ሰንጥቆ የሚገባ ኃይል ስላለው ግን እጅን ማራቅ ግዴታ መሆኑን አሰመረበት። በዚያው መልስ፣ ስለ እኔ መኪና የቸኮለ መሆኑን በግማሽ አፍ አመነ፤ ታክሲ ነጂውን ግን ይቅርታ አልጠየቀም።

በ21ኛው መልስ ያደረግኩትን አሳወቅኩ። የተጠረጠረውን ቤንዚን ከታንከሩ አስወጥቼ ከማደያ አስሞላሁ። ከዚያ የታይሚንግ መብራት (ብልጭታው የሚሰጥበትን ሰዓት የሚያሳይ መሣሪያ) ያለው ሌላ ጋራዥ ፈለግኩ፤ በጆሮ የተዞረ ዲስትሪቢውተር በጆሮ እንዲመለስ አልፈለግኩም። መካኒኩ ሞተሩን አሙቆ፣ ከካርቡራተሩ ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደውን ቀጭን የአየር ቱቦ ነቅሎ ደፈነው፤ መብራቱን ከአንደኛው ሲሊንደር ገመድ ጋር አገናኝቶ ከፊት ባለው ፑሊ ላይ አበራ። በየብልጭታው ቆሞ የሚታየው ነጭ ጭረት መመሪያው ከሚያዘው በ8 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ተቀምጧል። ቡሎኑን አላልቶ ዲስትሪቢውተሩን የጣት ጥፍር ያህል መለሰው፣ ጭረቱም ቦታው ገባ። ሥራው ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ሲሆን፣ ዋጋው ሞተር ከማውረዱ ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። መኪናዋ ከተማ ውስጥ ወጠጤነቷ ትንሽ ቀንሷል።

የደጀኑ አባት በ22ኛው መልስ የአነዳድ ምክር ጨመሩልኝ። አቀበቱ ላይ ሞተሩ ማጉረምረም ሳይጀምር አንድ ማርሽ ቀድሞ መቀነስ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ አለመርገጥ፣ የሙቀት መለኪያውንም ከመንገዱ እኩል ማየት እንደሚገባ ጻፉ። ዝቅ ያለ ማርሽ ሞተሩን ፈጥኖ ቢያዞረውም በእያንዳንዱ ምት የሚሸከመውን ስለሚያቀልለት ሽምብራው እንደማይሰማ፣ ብዙ ሰው ግን የሞተር ጩኸት ፈርቶ በአራተኛ ማርሽ እያስጨነቀው እንደሚወጣ አስረዱ።

23ኛውና የመጨረሻው የእኔ ነው። ትናንት ከማርቆስ ተነሥቼ እስከ ድልድዩ ወርጄ ተመለስኩ። ጭነቱ እንደዚያን ጊዜው እንዲሆን ጎረቤቴንና ሁለት ኩንታል ጤፍ ጫንኩ። በሦስተኛና በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ ምንም አልሰማሁም። ከአጋማሹ በላይ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሆን ብዬ በአራተኛ ማርሽ አስጨነቅኳት፤ ሽምብራዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንኳኳች፣ ማርሹን ስቀንስ ጠፋች። ደጀን ላይ ቆመን ሞተሩ እስኪበርድ ሻይ ከጠጣን በኋላ ኮፈኑን ከፈትን። የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን ዙሪያ፣ ጎረቤቴ የጠረጠረበት ቦታ ላይ፣ ጥቁር ጥላሸት ተጋግሯል። ብረቱ ሲግል ተለጥጦ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ነው ተክ ተኩ ከጠዋት በኋላ የማይሰማው። ጓርኒሲዮኑን ማርቆስ ላይ አላገኘሁትም፤ ከመርካቶ እንዲመጣልኝ ልኬአለሁ።